ከ25 ሜትር ላይ፦ የአሳቲግ ደሴት ፈረሶችንና ወፎችን ስለ ማየትና ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በጁን መጨረሻ እናቴ ከአዲስ አበባ ስለምትመጣ ከሁለቱ ልጆቼ ጋር የዱር ፈረሶች ወዳሉበት ወደ አሳቲግ ደሴት ልንወስዳት አስበናል። ባለፈው ዓመት እዚያ ያነሣኋቸው ፎቶዎች አሳዝነውኛል። ፈረሶቹ ጥቁር ጥላ ሆነዋል፤ ነጫጮቹ ወፎች ደግሞ ላባቸው እንኳ የማይለይ ነጭ ነጠብጣብ ናቸው። ያለኝ ተራ ካሜራ ከ55-250 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር ነው። ትልቅ ሌንስ ልግዛ ወይስ ይበልጥ ልጠጋ? እናቴ በልጅነቷ ፈረስ ያለበት ቤት ስላደገች አብራቸው ፎቶ መነሣት በጣም ትፈልጋለች።

ምላሽ፦ ሌንስ አይግዙ፤ መጠጋትም አያስፈልግዎትም። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም፤ ሒሳቡን አብረን እንየው። የደሴቱ ፓርክ ደንብ ጎብኚ ከፈረሶቹ ቢያንስ 40 ጫማ እንዲርቅ ያዝዛል። ይህም 12 ሜትር ገደማ፣ የአንድ አውቶቡስ ርዝመት ማለት ነው። እንደ እርስዎ ያለ ካሜራ ሴንሰሩ፣ ማለትም ውስጡ ያለው ብርሃን ተቀባይ ክፍል፣ ስፋቱ 22 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ሌንስዎን እስከ 250 ዘርግተው 12 ሜትር ላይ የቆመ ፈረስ ላይ ቢያነጣጥሩ ፎቶው ውስጥ የሚገባው አንድ ሜትር ያህል ስፋት ብቻ ነው። የፈረሱን ራስና አንገት ያገኛሉ፤ ሌላው ይቆረጣል። በዚያው ሌንስ ሙሉ ፈረስ፣ ከእግሩ ሥር ካለው ሣርና ከበላዩ ካለው ሰማይ ጋር እንዲገባልዎ ከፈለጉ ከ25 እስከ 30 ሜትር መራቅ ይኖርብዎታል። የያዙት ሌንስ ደንቡ ከሚፈቅደው ርቀት አልፎ የሚሠራ ነው ማለት ነው።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። ሌንስም ቦታው ድረስ ያደርስዎታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የሰዓት፣ የብርሃንና የመቀመጥ ጉዳይ ነው። ባለፈው ዓመት የተበላሹብዎት ፎቶዎችም የተበላሹት በርቀት ሳይሆን በብርሃን ነው። ወደዚያ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ግን ስለ መጠጋት አንድ ነገር ልንገርዎ። ይህን ደሴት ማዘውተር በጀመርኩበት ዓመት አንዲት እናት ፈረስ ከውርንጭላዋ ጋር ረግረጉ ዳር ስትግጥ አገኘሁና በሣሩ ውስጥ እያጎነበስኩ ተከተልኳት። ስድስት እርምጃ ያህል ሲቀረኝ የመንጋው አውራ አንገቱን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ በመካከላችን ገባ። ወደ ኋላ አፈገፈግኩ፤ አልነካኝም። ማታ ቤት ገብቼ ያነሣኋቸውን ሁሉ ሳገላብጥ ግን ልቤ ተሰበረ። በሁሉም ፎቶ ላይ ፈረሶቹ የሚያዩት እኔን ነው። የእናቲቱ አንገት ተወጥሯል፤ ውርንጭላው ከኋላዋ ተሸሽጓል። አንድም የሚግጥ፣ የሚተኛ፣ የሚጫወት የለም። ፎቶዎቹ የሚናገሩት ስለ ፈረሶቹ ኑሮ ሳይሆን ስለ እኔ መምጣት ነበር። ከዚያ ወዲህ የአንድን የዱር እንስሳ ፎቶ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ እንስሳው እኔ ባልኖር ኖሮ የሚያደርገውን እያደረገ ነው ወይ?

የፈረስ ጆሮ ሁሉን ይነግርዎታል፤ እናትዎም ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ጆሮዎቹ ላላ ብለው ወዲያና ወዲህ የሚሉ ከሆነ ተረጋግቷል። ሁለቱም ቀጥ ብለው ወደ እርስዎ ከዞሩ አይቶዎታል፤ ባሉበት ይቁሙ። ወደ ኋላ ከተለጠፉ ቀስ ብለው ይሂዱ። እኔ አሁን የማደርገው ነገር ቀላል ነው። መንጋው ወዴት እየጋጠ እንደሚሄድ በርቀት መነጽር አያለሁ፤ ከመንገዱ ጎን ራቅ ብዬ ቦታ እመርጣለሁ፤ ከዚያም እቀመጣለሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል ካሜራውን አልነካውም። በእነዚያ ሃያ ደቂቃዎች ውስጥ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ የትኛዋ እንደምትመራ፣ አውራው የት እንደሚቆም ይታወቃል። አንዳንዴ ፈረሶቹ ራሳቸው ወደ ተቀመጡበት ይመጣሉ። ያን ጊዜም 12 ሜትሩ አይሻርም፤ ተነሥቶ ቦታ መልቀቅ የእኛ ፋንታ ነው።

ስለ ቦታው ጥቂት ልበል፤ ብዙ ቤተሰብ ግራ ሲጋባበት አይቻለሁና። አሳቲግ ከሜሪላንድ እስከ ቨርጂኒያ ወደ 60 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋ ቀጭን የአሸዋ ደሴት ነው። በምሥራቅ በኩል አትላንቲክ ውቅያኖስ፣ በምዕራብ በኩል ጥልቀት የሌለው የባሕር ወሽመጥና ረግረግ አለው። መግቢያው ሁለት ነው፤ አንዱ በሜሪላንድ፣ አንዱ በቨርጂኒያ። በደሴቱ ላይ ሁለቱን የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የለም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ በየብስ ዞሮ አንድ ሰዓት ገደማ መንዳት ያስፈልጋል። ለእርስዎ የሚሻለው የሜሪላንዱ ነው። በ50 ቁጥር መንገድ የቼሳፒክን ድልድይ ተሻግረው፣ መጨረሻ ላይ በ611 ይገባሉ። በዚህ በኩል ያሉት ፈረሶች በመንገዱም፣ በባሕሩ ዳርቻም፣ በድንኳን መትከያውም እንደልባቸው ይዘዋወራሉ። በቨርጂኒያ በኩል ያሉት የአጎራባቿ የቺንኮቲግ ከተማ በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ንብረት ናቸው፤ በአጥር ውስጥ ስለሚኖሩ የሚታዩት ብዙውን ጊዜ ከሩቅ ነው። በጁላይ የመጨረሻው ረቡዕ ወሽመጡን በዋና የሚሻገሩትና በማግስቱ ውርንጭሎቻቸው ለጨረታ የሚቀርቡት እነዚህ ናቸው። በዚያ ቀን የሚሰበሰበው ሕዝብ ብዙ ስለሆነ ለጸጥተኛ ፎቶ የሚሆን አይደለም።

ከሰመጠ የስፔን መርከብ ዋኝተው የወጡ ፈረሶች ዘር ናቸው የሚለውን አፈ ታሪክ ልጆችዎ ይሰሙታል። ይበልጥ የሚታመነው ግን በ17ኛው መቶ ዘመን የአካባቢው ገበሬዎች ግብርንና የአጥር ሕግን ለመሸሽ ከብቶቻቸውን ወደ ደሴቱ ማሻገራቸው ነው። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ የዱር የሆኑ ሳይሆኑ ወደ ዱር የተመለሱ ናቸው፤ በእኛም አገር ሐረርጌ ውስጥ በቁንዱዶ ተራራ ላይ ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች እንዳሉ ሁሉ። ልጆቹ ሆዳቸው የተነፋ ፈረሶች አይተው «ሁሉም እርጉዝ ናቸው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። አይደሉም። የሚግጡት የረግረጉ ሣር ጨው የበዛበት ስለሆነ ብዙ ውኃ ይጠጣሉ፤ ሆዳቸውን የሚነፋውም እሱ ነው። በሜሪላንድ በኩል ደሴቱን ግጦሽ እንዳይጎዳው ከ1994 ጀምሮ ለዓመታት ለእናት ፈረሶቹ የወሊድ መከላከያ ክትባት ከርቀት ሲወጋ ቆይቷል፤ ዓላማውም ቁጥራቸው ከ80 እስከ 100 እንዲሆን ነው። ከዚህ በቀር ሰው አይመግባቸውም፣ መጠለያም አይሠራላቸውም።

አሁን ወደ ብርሃኑ። ደሴቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ መሆኑ ለፎቶግራፍ አንሺ ትልቅ ስጦታ ነው። ፀሐይ ከውቅያኖሱ ወጥታ ወደ ወሽመጡ ትጠልቃለች። ስለዚህ ጠዋት ከወሽመጡ ጋር ይሁኑ፤ ፀሐይ ከጀርባዎ ሆና ረግረጉንና ወፎቹን ፊት ለፊት ታበራልዎታለች። የረግረጉን ሕይወት ለማሳየት የተሠራው አጭር የእንጨት መተላለፊያ ለዚህ ምቹ ነው፤ ለእናትዎም አያደክምም። ወደ ማታ ደግሞ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይሻገሩ፤ ያን ጊዜ ብርሃኑ ከረግረጉ በኩል መጥቶ ፈረሶቹንና ማዕበሉን ወርቃማ ያደርጋቸዋል። በጁን መጨረሻ ፀሐይ የምትወጣው በአሜሪካ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 5፡40 ገደማ፣ የምትጠልቀው ማታ 8፡30 ገደማ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥታችሁ ጠዋቱን ለመድረስ ሌሊት መንዳት ግድ ስለሚል፣ አቅም ከፈቀደ አንድ ሌሊት እዚያው አቅራቢያ ቢያድሩ እመክራለሁ። ካልሆነ ከሰዓት በኋላ ገብታችሁ እስክትመሹ ቆዩ። በሙቀት ቀን ፈረሶቹ ራሳቸው ከረግረጉ ዝንብና ትንኝ ሸሽተው ነፋስ ወዳለበት የባሕር ዳርቻ ስለሚወጡ ከሰዓት በኋላውም ያለ ፈረስ አይቀርም።

ያለፈው ዓመት ፈረሶች ጥቁር ጥላ የሆኑት ለምን ይመስልዎታል? ካሜራው የሚያየውን ሁሉ አማክሎ መካከለኛ ብርሃን ሊያደርገው ይሞክራል። ከፈረሱ ጀርባ የሚያብረቀርቅ አሸዋና ባሕር ሲያይ «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል፤ ፈረሱም አብሮ ይጨልማል። በነጩ ወፍ ላይ የደረሰው ተቃራኒው ነው። ጥቁር አረንጓዴ ረግረግ አይቶ ብርሃን ሲጨምር የወፉ ላባ ነድዶ ወረቀት ሆነ። ሁለቱም የሚድኑት በአንድ ቁልፍ ነው፤ በካሜራዎ ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁልፍ። ጥቁር ወይም ቡናማ ፈረስ በብሩህ አሸዋ ላይ ሲሆን ወደ መደመሩ አንድ ያህል ይውሰዱት። ነጭ ወፍ በጨለማ ረግረግ ላይ ሲሆን ወደ መቀነሱ አንድ ያህል። አንድ ፎቶ አንሥተው በስክሪኑ ላይ የወፉን ደረት አጉልተው ይዩት፤ የላባው መስመር ከታየ ይበቃል። ካልታየ ጥቂት ይቀንሱ። ይህን አንድ ነገር ብቻ ቤትዎ ውስጥ በነጭ ነጠላና በጥቁር ሶፋ ቢለማመዱ፣ አንድ ሺህ ዶላር ከሚያወጣ ሌንስ የበለጠ ይጠቅምዎታል።

ስለ ካሜራው መዝጊያ ፍጥነት አጭር ነው። ለሚግጥ ፈረስ 1/500 ሰከንድ ይበቃል፤ ለሚሮጥ ፈረስና ለሚበር ወፍ 1/2000 ያድርጉት፤ አይኤስኦውን፣ ማለትም የሴንሰሩን ለብርሃን የመንቃት መጠን፣ ለካሜራው ይተዉለት። ፎከሱን ደግሞ የሚንቀሳቀስን ነገር ያለማቋረጥ በሚከተለው ላይ ያድርጉት። ከዚያ በላይ በጉዞው ቀን ቅንብር ሲቀያይሩ አይዋሉ።

ወፎቹ ጋ ስንደርስ ግን ችኮላ የለብኝም፤ ለእኔ የአሳቲግ ልብ እነሱ ናቸው። በጁን ወሽመጡ ዳር በተተከሉ ምሰሶዎች ላይ ኦስፕሬይ የተባለው ዓሣ በል ጭልፊት ጫጩቶቹን ይመግባል። ሲበር ዓሣውን በሁለት እግሩ፣ አንዱን ከፊት አንዱን ከኋላ አድርጎ፣ የዓሣውን ራስ ወደሚበርበት አቅጣጫ አዙሮ ይዞት ይሄዳል፤ ነፋሱን ለመቀነስ ነው። ቡናማ ፔሊካኖች በሰልፍ ሆነው ክንፋቸው ማዕበሉን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ ብለው ያልፋሉ። እነዚህ ሁለት ወፎች ዲዲቲ የተባለው የተባይ መርዝ የእንቁላላቸውን ቅርፊት አሳስቶ ሊያጠፋቸው የነበሩ ናቸው። አሜሪካ መርዙን በ1972 ከከለከለች በኋላ ተመልሰዋል፤ ሰልፋቸውን ባየሁ ቁጥር ደስታዬ አዲስ ነው። ከነጫጮቹ ረጃጅም ወፎች መካከል ጥቁር እግርና ደማቅ ቢጫ ጣቶች ያሉትን ትንሹን ልጆችዎ ይፈልጉት፤ በቢጫ ጣቶቹ ጭቃውን እየነካካ ዓሦቹን አስበርግጎ ይይዛቸዋል። ፎቶውን ከመሬት ጋር ዝቅ ብለው፣ በወፉ ዐይን ከፍታ ያንሡት። ከላይ ወደ ታች የተነሣ ወፍ ሁልጊዜ ትንሽና ብቸኛ ይመስላል።

በአሸዋው ላይ ግን በጣም የሚያስጨንቀኝ አንድ ወፍ አለ። ፓይፒንግ ፕሎቨር ይባላል። ከእጅ መዳፍ እምብዛም የማይበልጥ፣ ቀለሙ የደረቀ አሸዋ የሆነ፣ አንገቱ ላይ ጥቁር ቀለበት ያለው ወፍ ነው። በዚህ የአትላንቲክ ዳርቻ ከ1986 ጀምሮ አደጋ ላይ ነው ተብሎ በፌዴራል ሕግ ይጠበቃል። ጎጆ አይሠራም፤ አሸዋውን በደረቱ ጎድጎድ አድርጎ ብዙውን ጊዜ አራት እንቁላል ይጥላል። እንቁላሎቹ አሸዋ ስለሚመስሉ እርስዎ ሳያዩአቸው ሊረግጧቸው ይችላሉ። ለዚህ ነው በበጋ ከፊሉ ዳርቻ በገመድና በምልክት የሚዘጋው፤ ገመዱ ውስጥ ምንም ባይታይዎትም አይለፉት። ከገመዱ ውጭ ሲሄዱም አንድ ትንሽ ወፍ ከፊትዎ ክንፉ እንደተሰበረ ሆኖ እየጎተተ ሲሮጥ ካዩ፣ ቆስሎ አይደለም። ጫጩት ወይም እንቁላል አጠገብ ደርሰዋል፤ ከእነሱ ሊያርቅዎ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ በርኅራኄም በመገረምም ካሜራውን ይዞ ይከተለዋል። እባክዎ አይከተሉት። እሱ እርስዎን ሲያታልል በቆየ ቁጥር እንቁላሎቹ በጁን ፀሐይ ላይ ይበስላሉ፤ የባሕር ቁራዎችም ያያሉ። የመጡበትን ዱካ ይዘው ይመለሱ። ሒሳቡም ቢሆን ከእርስዎ ጋር አይደለም፦ በ250 ሌንስ፣ በ30 ሜትር ርቀት ላይ ይህ ወፍ የፎቶውን ስፋት አንድ አስራ አምስተኛ ብቻ ነው የሚሞላው። ስለዚህ ትንሽነቱን ራሱን ያንሡት፤ ሰፊ አሸዋ፣ ከኋላ የሚነሣ ማዕበል፣ መካከል ላይ አንዲት ቅንጣት ሕይወት። ከቅርብ ከተነሣው መቶ ፎቶ ይልቅ እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ስለ ምግብ ግልጽ መናገር አለብኝ። እናትዎ ፈረስ ሲያዩ እጃቸው ወደ ዳቦው መሄዱ አይቀርም፤ በእኛ ቤት ለመጣ ሁሉ ይቆረሳል። እዚህ ግን ያ ቁራሽ ፈረሱን ይጎዳዋል። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ፈረስ መኪና ሲያይ ወደ መንገድ ይወጣል፤ በመኪና ተገጭተው የሞቱ አሉ። በ2022 ድንኳን ተክለው የሚያድሩ ሰዎችን ምግብ መዝረፍ የለመደና ሰው ላይ አስጊ የሆነ አንድ ወንድ ፈረስ ከመንጋው ተለይቶ ቴክሳስ ወደሚገኝ የእንስሳት መጠለያ ተወስዷል። ስለዚህ ምሳችሁን መኪና ውስጥ ቆልፉበት፤ በጠረጴዛ ላይ የተተወ እንጀራ ሽታው ይጠራቸዋል። ለእናትዎ ነገሩን አስቀድመው፣ ገና ድልድዩን ሳትሻገሩ ቢነግሯቸው ይሻላል፤ ፈረሱ ፊት ለፊት ቆሞ እጃቸውን መያዝ ይከብዳል።

ካሜራውን በተመለከተ የምፈራለት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከመኪናው ቅዝቃዜ ወጥቶ እርጥብ አየር ሲነካው ሌንሱ በጉም መሸፈኑ ነው። ከመድረሳችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት ማቀዝቀዣውን ያጥፉ ወይም ካሜራውን በቦርሳው እንደተዘጋ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ያኑሩት። ሁለተኛው አሸዋ ነው፤ ባሕር ዳር ሌንስ አይፍቱ። ማታ ቤት ሲገቡ ጨዉን በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉለት። ለራሳችሁ ደግሞ ትንኝ መከላከያ አይርሱ፤ ከሣር ስትወጡ የልጆቹን እግር ለመዥገር ይፈትሹ። ሦስት ሦስት ቅጠል ያለውን ፖይዘን አይቪም አይንኩ፤ ፈረሶቹ ይበሉታል፣ የእኛን ቆዳ ግን ያቃጥላል። ድሮን በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ስለተከለከለ ይዘው አይምጡ። ልጆቹ ካልደከማቸው ከጨለመ በኋላ ባትሪ ይዘው ዳርቻው ላይ ይቆዩ፤ አሸዋ የሚመስሉት ሸርጣኖች ከጉድጓዳቸው ይወጣሉ፣ ዐይናቸው በእንጨት ላይ እንደተሰካ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

የቀረው የእናትዎ ፎቶ ነው፤ እሱም ያለ መጠጋት ይሆናል። ፈረሶቹ ተረጋግተው ሲግጡ እናትዎን ከእነሱ 18 ሜትር ያህል ርቀው ያቁሟቸው፤ ከደንቡ ስድስት ሜትር ትርፍ ነው። እርስዎ ደግሞ ከእናትዎ ሌላ 12 ሜትር ወደ ኋላ ይሂዱ። ሌንሱን 100 አካባቢ ያድርጉት። እናትዎ ከእግር እስከ ራስ ይገባሉ፤ እያንዳንዱ ፈረስ ደግሞ የፎቶውን ስፋት ሲሶ ያህል ይይዛል። እርስዎ ርቀው ስለሚያነሡት በመካከላቸው ያለው ርቀት የታጠፈ ይመስላል፤ ፎቶው ላይ አጠገባቸው የቆሙ ያህል ይታያሉ። ይህን በስልክ ሰፊ ሌንስ ቢሞክሩት ፈረሶቹ ጉንዳን ስለሚያህሉ ነው ሰው ሁሉ ለመጠጋት የሚፈተነው። እናትዎን ፊታቸውን ወደ ካሜራው እንዲያዞሩ አያስጨንቋቸው፤ በጎን ዞረው ፈረሶቹን ይመልከቱ፣ ነጠላቸውን ነፋሱ ያንሣው። በአሜሪካ ሰዓት አቆጣጠር ከማታው 8፡00 በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት፣ በውቅያኖሱ በኩል፣ ፀሐይ ከጀርባዎ ሆና ያንሡት። ከሁለቱ ልጆች አንዱን ፈረሶቹን ብቻ እንዲጠብቅ ይመድቡት፤ አንደኛው ፈረስ ወደ አያቱ መራመድ ከጀመረ ድምፅ ሳያሰማ እጁን ያንሣ፣ እናትዎም ወደ እርስዎ ይምጡ።